ስልሳ ሁለት ከስልሳ ሁለት

ኤፕሪል 8፣ ማክሰኞ

ወደ ቢሮ በሚያሻግረን ጀልባ፣ ሊኮኒ ፌሪ ላይ ነኝ። ቆሜ ነው የምጽፈው፣ መቀመጫ የለም።

ቅዳሜና እሁድ የቢሮውን ኢሜይል ወደ አዲሱ ሰርቨር አዛወርን። ትናንት ጠዋት ሁሉም ኢሜይሉን ከፈተ፣ ላከ፣ ተቀበለ። «እሰይ ሪዚኪ!» አሉኝ። አራት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው ቀጥ አለ።

ሰብሳቢው የምንለው ከናይሮቢ የተገዛውን ፕሮግራም ነው። የሠራተኛውን ሁሉ የመልእክት ሳጥን እየከፈተ፣ ከመርከብ የመጣውን ደብዳቤ ለይቶ በየመርከቡ ስም ያስቀምጣል። የእኛ ድርጅት መርከበኛ ይቀጥራል፤ ከተሳፈረም በኋላ ጉዳዩን ይከታተላል። ባሕር ላይ አራት መቶ ልጆች አሉን። ሰብሳቢው ሲቆም ቢሮው ታወረ ማለት ነው።

ስልሳ ሦስት ሳጥን አለ። አንዱንም መክፈት አልቻለም። «መግባት ተከልክሏል» የሚለውን ስልሳ ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

አለቃችን አቶ ታይብ፣ ብዋና ታይብ የምንላቸው፣ ከኋላዬ ቆመው፣ «ሰርቨሩን ቀይሪ አልኩሽ እንጂ ቢሮውን ዝጊ አልኩሽ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

ለናይሮቢዎቹ ደወልኩ። ስልክ የሚያነሳው ሙቱጊ የሚባል ልጅ ነው።

«እኛ ጋ ምንም አልተነካም እኮ እህቴ። ችግሩ ሰርቨራችሁ ነው።»

ሰርቨሩን ለተከሉት ሰዎች ደወልኩ። «ሰርቨሩ ጤነኛ ነው። ችግሩ የውጭው ፕሮግራም ነው።»

ለሙቱጊ መልሼ ደወልኩ። «እንግዲያው መሃል ላይ ነዋ!» አለና ሳቀ። መሃል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ምሳ አልበላሁም።

ኤፕሪል 11፣ ዓርብ

ተገኘ። አዲሱ ሰርቨር የውጭ ፕሮግራምን በስምና በፓስወርድ ብቻ አያስገባም። መጀመሪያ መመዝገብ፣ መታወቂያ ማውጣት አለበት። ከዚያ አንድ አካውንት ተመርጦ በሠራተኛው ሁሉ ስም ሳጥን እንዲከፍት ሥልጣን ይሰጠዋል። ሰጠሁት። አንዱ ተከፈተ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አርባ፣ ከዚያ ስልሳ ሁለት። ከወንበሬ ተነስቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

አንዱ እንቢ አለ። የምዜ ኮምቦ ሳጥን።

ምዜ ኮምቦ፣ ለዕድሜያቸው ክብር ምዜ የምንላቸው፣ የመርከበኞች ደኅንነት ኃላፊ ነበሩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ። ዲሴምበር ላይ በጡረታ ወጥተዋል። ሥራቸውን አሁን ሦስት ሴቶች በአንድ አዲስ አድራሻ ይሠሩታል። ያ አድራሻ በደንብ ይከፈታል። የሳቸውን ሰኞ አየዋለሁ።

ኤፕሪል 14፣ ሰኞ

አላየሁትም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ፕሪንተር።

የጠዋቱ ሪፖርት በብዋና ታይብ ስክሪን ላይ ይወጣል፦ 62 ከ63፣ ከሥሩ አንድ ቀይ መስመር። ነገ ከመርከብ ባለቤቶች ጋር ስብሰባ አላቸው። ሪፖርቱን ሊያሳዩዋቸው ነው።

«ይኼ ቀዩ ምንድነው?»

«የምዜ ኮምቦ ሳጥን ነው ብዋና። እምቢ ብሎኛል።»

«ኮምቦ ቤቱ ተቀምጦ የልጅ ልጆቹን ያጫውታል። ለኮምቦ ማን ይጽፋል? ነገ ቀይ ነገር ማየት አልፈልግም።»

ሙቱጊ ስልክ አያነሳም።

ሽማግሌው ሲሰናበቱ፣ «አድራሻዬን አትዝጊው፤ ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነው» ብለውኝ ነበር። አልዘጋሁትም። ቃሌን ጠብቄያለሁ።

ኤፕሪል 15፣ ማክሰኞ

ዝርዝሩን አስተካከልኩ። 62 ከ62። ሪፖርቱ አረንጓዴ ሆኗል።

ብዋና ታይብ ከስብሰባው ሲወጡ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ኤፕሪል 20፣ እሁድ

መጁማ ማሐምሪ የምንለውን የኮኮናት ብስኩት ጠብሳ ጠራችኝ። ታላቅ እህቴ ናት፣ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ የምንመላለሰው በአጥሩ ቀዳዳ ነው። ባሏ ምዋቴላ «አልዲራ» በምትባል የጭነት መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ነው። እኔ ነኝ ስሙን ለቢሮው የሰጠሁት፤ ድሮ በየሆቴሉ ኩሽና እንጀራ ፍለጋ ሲንከራተት አሳዝኖኝ ነው።

«ከማርች ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም» አለችኝ። «ስልኩ አይሠራም። ያ ማሽንሽ ምን ይላል?»

«ቢጽፉ ይመጣል መጁ። ሁሉም ደብዳቤ በእኔ እጅ ነው የሚያልፈው።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አለች። ሌላ ማሐምሪ ሰጠችኝ።

ኤፕሪል 28፣ ሰኞ

ዝናብ። ፌሪው አንድ ሰዓት ዘግይቷል። መጁማ በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። አሁንም ምዋቴላ።

ቢሮ ገብቼ የአልዲራን መዝገብ ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። የመርከቧ የሳተላይት ስልክ ተቆርጧል፤ በቀን አንድ አጭር ኢሜይል የሚልክ መሣሪያ ብቻ እንዳላቸው ከፋይሉ አየሁ። መላክ ይችላሉ ማለት ነው። ካልላኩ ችግር የለባቸውም።

ለመጁማ እንደዚያው ነገርኳት።

የኮምቦን ሳጥን ጉዳይ ለሙቱጊ በጽሑፍ ልልክለት አስቤ ነበር። ነገ።

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ፌሪው ላይ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ባሎቻቸው ባሕር ላይ ናቸው መሰለኝ።

«የአልዲራ ልጆች የዝናብ ውሃ እያጠራቀሙ ነው አሉ። የጎረቤቴ ባል በሌላ መርከብ ሲያልፍ አይቷቸዋል። ሸራ ዘርግተው።»

«ባለቤቱስ?»

«ጠፍቷል አሉ። መልሕቅ ጥለው ቀርተዋል። ወደቡም አያስገባቸውም።»

«ቀጣሪዎቹ ምን ይላሉ?»

«እነሱማ ምን አለባቸው! ደረቅ ቦታ ተቀምጠው።»

በትከሻዬ ባለው ጨርቅ፣ በሌሶዬ፣ ፊቴን ሸፍኜ ወረድኩ። ወሬ ነው። ወሬ ባይሆን ይጽፉ ነበር።

ሜይ 9፣ ዓርብ

መጁማ ቢሮ ድረስ መጣች። ባላውቃት ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

ብዋና ታይብ በክብር ተቀበሏት። ወንበር ሳቡላት። «እመቤቴ፣ ከአልዲራ አንድም ቅሬታ አልደረሰንም። እህትሽ ታሳይሽ።»

ስክሪኑን አዞርኩላት። መጁማ ማንበብ ብትችልም አረንጓዴውን ብቻ ነው ያየችው።

«ይኼ ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ጥሩ ነው» አልኳት።

ስትወጣ በሩ ላይ እጄን ያዘችኝ። «አንቺ እዚህ ባትኖሪ አብድ ነበር።»

ሜይ 16፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዓሣ ገበያው አጠገብ ምዜ ኮምቦን አገኘኋቸው። ከስተዋል። ነጭ ቆባቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን እያሻሹ ሰላም አሉኝ።

«እንዴት ናቸው ልጆቹ?»

«የትኞቹ ልጆች ምዜ?»

«ባሕር ላይ ያሉት ነዋ። አሁንም በእኔ አድራሻ ነው አይደል የሚጽፉት? ውላቸው ላይ የታተመው እሱ ነው። አዲሱ አድራሻ ውል ላይ የሚገባው ከሚቀጥለው ዓመት ነው ብለውኛል።»

«ፌሪው ሊያመልጠኝ ነው ምዜ» አልኩ።

አላመለጠኝም። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ጠበቅሁት።

ሜይ 17፣ ቅዳሜ

ቢሮ ዝግ ነው። ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ግን ጥበቃውን ማስቸገር ይሆናል። ሰኞ በጠዋት እገባለሁ። ደግሞ ምንም ላይኖር ይችላል።

እሁድም ዝናብ ነው ይላሉ።

ሜይ 19፣ ሰኞ

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ማንም ሳይመጣ ቢሮ ገባሁ። ሰብሳቢውን ተውኩትና የምዜ ኮምቦን ሳጥን በራሴ ሥልጣን ከፈትኩት።

ሃያ ሰባት ደብዳቤ አለ። ሁሉም ከአልዲራ ነው። ሁሉም ያልተነበበ።

ኤፕሪል 17። «የመርከቡ ባለቤት አይመልስልንም። ነዳጅ እያለቀ ነው። ወጥ ሠሪያችንን ምዋቴላን የዛገ ብረት እግሩን ቆርጦታል። ቁስሉ ትንሽ ነው። ሁለተኛ መኮንን።»

ኤፕሪል 23። «ቁስሉ አብጧል። ወደቡ ያለ ቀጣሪያችን ወረቀት ሰው አላወርድም ብሏል። ወረቀቱን ላኩልን።»

ሜይ 2። «መልእክታችን እንደደረሳችሁና በሁለት ቀን እንደምትመልሱ ስለገለጻችሁልን እናመሰግናለን። ሁለቱ ቀን ካለፈ ግን ቆይቷል።»

ይኼኛው ምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ አየሁት። ምዜ ኮምቦ በሥራ ዘመናቸው የሞሉት ራስ-ሰር መልስ አልጠፋም ነበር፤ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን» ይላል። ሃያ ሰባት ጊዜ ሄዶላቸዋል። ሌላ አድራሻ ያልሞከሩት ለዚህ ነው። ሰው እያነበበላቸው መስሏቸው ይጠብቁ ነበር።

ሜይ 6፣ ይኼ ከራሱ ከምዋቴላ ነው። «ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ እዚያ ቢሮ የሚስቴ እህት አለች፣ ሪዚኪ ትባላለች። ለሷ ንገርልኝ። ትኩሳት አለኝ። መጁማን እንዳታስደነግጣት በላት።»

ሜይ 11። «እግሩ መሽተት ጀምሯል።»

ሜይ 18፣ ትናንት። «እዚያ ሰው አለ?»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። የጽዳቷ ሴት ማማ ንዛሮ ገብታ፣ «ምን ሆንሽ ልጄ? ወደቅሽ?» አለችኝ። «አዎ ወደቅሁ» አልኳት።

ከዚያ ተነሳሁ። ለወደቡ ደወልኩ፣ ለመርከብ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ደወልኩ፣ ወረቀቱን አዘጋጅቼ ብዋና ታይብን ከመኪናቸው ሳይወርዱ አስፈረምኳቸው። አምስት ሰዓት ላይ ወረቀቱ ሄደ። አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የፈጀው።

ሜይ 20፣ ማክሰኞ

ጀልባ ሄዶለታል። በሕይወት አለ።

የሳጥኑን ችግርም አገኘሁት። ሰው በጡረታ ሲወጣ አካውንቱን እናሰናክላለን፤ ሳጥኑ ግን ደብዳቤ መቀበሉን አያቆምም። ለሰብሳቢው የሰጠሁት ሥልጣን የሚሠራው ሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ብቻ ነበር። እኔው ራሴ ነኝ እንደዚያ የጻፍኩት። አንድ መስመር ቀየርኩ። አራት ደቂቃ።

ሃያ ሰባቱም መዝገብ ገቡ። ሰብሳቢው ሁሉንም «የደረሰበት ቀን፦ ሜይ 20» ብሎ መዘገባቸው። ሙቱጊን ጠየቅሁት።

«እሱ የሚጽፈው ራሱ ያነሳበትን ቀን ነው እህቴ። እንደዚያ ነው የተሠራው።»

ብዋና ታይብ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ስለዚህ ዛሬ ነው የደረሱን።»

«ሰርቨሩ ላይ ግን ብዋና...»

«ፕሮግራሙ የሚለውን ነው የማነበው። አንቺም እሱን አንብቢ።»

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል።

መጁማ ስልኩን ጥላ ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ። አቅፌ ይዣት ነበር። «በሕይወት አለ፣ በሕይወት አለ» እያልኩ።

ጁን 14፣ ቅዳሜ

ምዋቴላ ዛሬ ገባ። በክራንች። ግማሽ ሰው አክሏል፤ ልብሱ እንደ ተውሶ ነው የተንጠለጠለበት። ሲስቅ ግን ያው ነው።

መጁማ ፍየል አሳርዳለች። ፒላው ሩዝ ተሠራ። የሠፈሩ ሰው ሁሉ መጣ።

«ሸሜጂ!» አለኝ፤ የሚስቱ እህት ስለሆንኩ እንዲህ ነው የሚጠራኝ። «ልጆቹን እየደጋገምኩ እላቸው ነበር፤ ሪዚኪ እዚያ ማሽን ላይ ተቀምጣለች፣ ከደረሳት አታስቀረንም። መርከቧ ላይ አንተ ነህ ያሞኘኸን ይሉኝ ነበር። አሁን ይዩ!»

አንዲት አሮጊት እጄን ሳመች። «አንቺ ነሽ ከባሕር ያወጣሽው» አለችኝ። መጁማ ጉበቱን ለብቻ አስቀምጣልኝ ነበር። በላሁ።

ማታውን ሁሉ ሰው ሲመርቀኝ አሜን ስል አመሸሁ።

ጁን 18፣ ረቡዕ

የመርከብ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፏል። ከአልዲራ የመጣው መልእክት በየትኛው ቀን እንደደረሰን እንድናስረዳ።

ብዋና ታይብ የሰብሳቢውን ሪፖርት አትሜ እንዳመጣ አዘዙኝ። «ፈርሚበትና ላኪ።»

የሰርቨሩ ሎግ፣ ራሱ የሚይዘው የሥራ መዝገብ፣ ሌላ ነው የሚለው። ሃያ ሰባቱም መቼ እንደገቡ ከነሰከንዱ አለ። ኤፕሪል 15 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይም አንድ መስመር አለ፤ የኮምቦ ሳጥን ከዝርዝሩ ወጣ፣ ያወጣው አካውንት ሪዚኪ። ሎጉ ዘጠና ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በራሱ ይጠፋል። ጁላይ 14 ላይ ያ መስመር የለም።

ብዋና ያዘዙኝ እሳቸው ናቸው። ቀይ አልፈልግም ያሉት እሳቸው ናቸው። ይህንን ሦስት ጊዜ ጻፍኩና ሁለቱን ሰረዝኩ። አጥፊው አላሉኝም። አስተካክይው ማለታቸው ሊሆን ይችላል። አልጠየቅኋቸውም።

ጁን 21፣ ቅዳሜ

ምዋቴላን በረንዳው ላይ ብቻውን አገኘሁት። የተቆረጠውን እግር ትራስ ላይ ሰቅሎ ራዲዮ ይሰማል። ሎጉን አትሜ ይዤ ነበር። እግሩ የተቆረጠበትን ጎን ሳላይ ነገርኩት። ሁሉንም። ዝርዝሩን፣ ዓርቡን፣ ቅዳሜውን።

ራዲዮውን አጠፋ።

«ስንት ቀን ነው?»

«ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ሠላሳ ሁለት።»

«ሐኪሙ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብትመጣ እግርህ ይተርፍ ነበር ብሎኛል።»

የያዝኩትን ወረቀት አጠፍኩት።

«ቅዳሜ ዕለት ቁልፉ አንቺ ጋ ነበር?»

«አዎ።»

የጎረቤት ዶሮ መጥታ ከትራሱ አጠገብ ጫረች፣ በክራንቹ አባረራት።

«ለመጁማ እኔ አልነግርልሽም» አለ። «ራስሽ ትነግሪያታለሽ። ሂጂ አሁን፣ ደክሞኛል።»

ሸሜጂ አላለኝም።

ጁን 23፣ ሰኞ

መጀመሪያ ወደ መርከብ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ለእንግዳ ሰው መናገር ቀሎኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጉዳዩን የያዘችው መነጽር ያደረገች ጎልማሳ ሴት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየች፤ ኤፕሪል 15 ላይ ስትደርስ በእስክሪብቶዋ ነካችው።

«ይኼ አካውንት የማነው?»

«የእኔ ነው።»

«ማን አዘዘሽ?»

«አለቃዬ ቀይ ማየት አልፈልግም አሉ። ሳጥኑን አውጪው ግን አላሉም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

እንደተናገርኩት ጻፈችና አስፈረመችኝ።

ከሰዓት በኋላ ብዋና ታይብ ቁልፉን ተቀበሉኝ። ፊቴን አላዩም። «በሃያ ሰባት ደብዳቤ ቤቴን አፈረስሽ» አሉ። ድርጅቱ አዲስ ሰው እንዳይቀጥር ታግዷል።

ጁን 24፣ ማክሰኞ

መጁማ ጓሮ ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቅ ነበር። ቆሜ ነገርኳት። መጨረሻው ላይ እስክደርስ እጇ አላረፈም።

«ቢሮ የመጣሁ ቀን፣ ጥሩ ነው ያልሽኝ ቀን፣ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር። አልፈለግሁም ነበር ለማወቅ።»

«እሺ። ሰው ይሳሳታል። ይኼንንስ በጊዜ ብዛት እተወዋለሁ ይሆናል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ፍየሉን ያሳረድኩ ቀንስ? እሱ ፊት ለፊትሽ እግሩን አጥቶ ተቀምጦ ሲያመሰግንሽ? አሮጊቷ እጅሽን ስትስም? ያን ቀን ታውቂ ነበር።»

«ፈርቼ ነው መጁ።»

«ማንን?»

«አንቺን።»

የፋቀችውን ኮኮናት ከሰሃኑ ዳር ጠረገች። ሌላ ግማሽ አነሳችና መፋቅ ጀመረች። ሂጂም ተቀመጪም አላለችኝም። አንዱን ጨርሳ ሌላውን እስክታነሳ ቆሜ ቆየሁ፤ ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በዋናው በር ዞሬ ወጣሁ።